ኤካተሪና ቴዎዶሮዩ፦ አስተማሪ ልትሆን ተምራ ምሽግ ውስጥ የቀረችው የገጠር ልጅ

ሮማኒያ ውስጥ የ20 ሌይ የወረቀት ገንዘብ እጃችሁ ከገባ አንዲት ወጣት ሴት ታያላችሁ። የአገሪቱ ብሔራዊ ባንክ ይህን ገንዘብ ያወጣው በዲሴምበር 2021 ነው። በሮማኒያ መገበያያ ገንዘብ ላይ ምስሏ የወጣ የመጀመሪያዋ የታሪክ ሰው የሆነች ሴትም እሷ ናት። ንግሥት አይደለችም፣ ደራሲም አይደለችም። ገበሬ የወለዳት፣ በ23 ዓመቷ ጦር ሜዳ ላይ የወደቀች ልጅ ናት። ስሟ ኤካተሪና ቴዎዶሮዩ ይባላል። (ቀኖቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ኤካተሪና በጃንዋሪ 1894 በደቡብ ምዕራብ ሮማኒያ፣ ቲርጉ ዢዩ ከተማ አጠገብ ባለችው በቨደኒ መንደር ተወለደች። መጀመሪያ በአካባቢዋ፣ ኋላም ዋና ከተማው ቡካሬስት ሄዳ ተማረች። ሐሳቧ አስተማሪ መሆን ነበር። ለገበሬ ልጅ፣ ያውም ለሴት፣ በዚያ ዘመን ይህ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ጦርነቱ ሲመጣ ግን ሁሉም ነገር ተገለባበጠ።

ሮማኒያ የመጀመሪያውን የዓለም ጦርነት ለሁለት ዓመት ዳር ቆማ ስታይ ከቆየች በኋላ፣ ኦገስት 27 ቀን 1916 ከሩሲያ፣ ከፈረንሳይና ከእንግሊዝ ጎን ተሰለፈች። የፈለገችው ትራንሲልቫኒያን ነው፤ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሮማኒያውያን የሚኖሩባትና በኦስትሪያ ሃንጋሪ ሥር የነበረች ግዛት። ጅምሩ ጥሩ ነበር፣ ጦሩ ተራራውን ተሻግሮ ገባ። ብዙም ሳይቆይ ግን ጀርመኖችና ኦስትሪያ ሃንጋሪዎች ከሰሜን፣ ጀርመኖች፣ ቡልጋሮችና ቱርኮች ደግሞ ከደቡብ ያዟት። በሁለት እሳት መሀል ገባች።

በኦክቶበር መጨረሻ የጀርመን ጦር ቲርጉ ዢዩ ደጃፍ ደረሰ። የዢዩን ወንዝ ድልድይ የሚጠብቅ በቂ ወታደር አልነበረም። ታዲያ ማን ወጣ? ሽማግሌዎች፣ ሴቶች፣ ፖሊሶችና የስካውት ልጆች ናቸው የወጡት። ኤካተሪናም የስካውት አባል ስለነበረች አብራቸው ነበረች። ጠላት ድልድዩን ሳይሻገር ተመለሰ። ዝናዋ ቤተ መንግሥት ደረሰ፣ የንጉሡም ቤተሰብ ቡካሬስት አስጠርቶ አመሰገናት።

እዚያው መቅረት ትችል ነበር። እሷ ግን ቁስለኛ ለማከም ወደ ግንባር ተመለሰች። በኖቬምበር መጀመሪያ፣ ጦር ሠራዊት ውስጥ የነበረው ወንድሟ ኒኮላዬ ተገደለ። ከዚያ በኋላ ፋሻ መጠቅለሉ አልበቃትም፤ ጠመንጃ ይሰጠኝ አለች። በውጊያው ተማረከች፣ ደብቃ በያዘችው ሽጉጥ ጠባቂዋን ገድላ አመለጠች። ጥቂት ቀናት ቆይቶ ግን የሞርታር ፍንጣሪ ሁለት እግሮቿን አቆሰላት። ከሆስፒታል ሆስፒታል እየተዘዋወረች ወደ ምሥራቅ፣ እስከ ያሺ ከተማ ሄደች።

ያን ጊዜ አገሪቱም እንደሷ ቁስለኛ ነበረች። ዲሴምበር 6 ቀን ቡካሬስት በጠላት እጅ ወደቀች። ንጉሡና መንግሥቱ ወደ ያሺ ሸሹ። በዚያ ክረምት የተስቦ ወረርሽኝ ወታደሩንም ስደተኛውንም ፈጀ። ከተረፈው ሰው አዲስ ጦር የተሠራው በጄኔራል በርተሎ የሚመራ የፈረንሳይ ወታደራዊ ቡድን እያሠለጠነ፣ ከአጋሮቹ መሣሪያ እየመጣ ነው።

ኤካተሪና በጃንዋሪ 1917 ከሆስፒታል ስትወጣ 43/59ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ሬጅመንት ገባች። መጀመሪያ የተቀበሏት በነርስነት ነው። እሷ ግን መዋጋት እንደምትፈልግ ደጋግማ ጠየቀች። ሜዳልያ ተሸለመች፣ ንጉሥ ፈርዲናንድም የክብር ምክትል መቶ አለቅነት ማዕረግ ሰጧት። 25 ወታደሮችም በሥሯ ሆኑ። ልብ በሉ፣ ይህ የሆነው ሮማኒያ ውስጥ ሴት ድምፅ መስጠት በማትችልበት ዘመን ነው። እነዚያ 25 ሰዎች ግን አንዲት ወጣት ሴትን ተከትለው ወደ መትረየስ ሄደዋል።

አሁን ወደ ትልቁ ጦርነት እንምጣ። ኦገስት 6 ቀን 1917 የጀርመኑ ማርሻል ማኬንሰን ጦር ማረሼሽቲ በተባለው ቦታ ማጥቃት ጀመረ። ዓላማው የቀረችውን ሮማኒያ ጠራርጎ ከጦርነቱ ማስወጣት ነበር። ግንባሩን የያዙት ሁለት አጋሮች ናቸው፣ ሮማኒያውያንና ሩሲያውያን። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ሩሲያ ውስጥ ዛሩ ወርዷል፣ አብዮት ፈንድቷል፣ ወታደሩ ስብሰባ ላይ ነው፣ ብዙው ወደ ቤቱ መሄድ ነው የሚያስበው። አንዳንዱ የሩሲያ ክፍል ምሽጉን ጥሎ ሲሄድ ክፍተቱን እየሮጠ የሚሞላው ሮማኒያዊው ነበር።

ይህን ስንል ሁሉም ሩሲያዊ ሸሸ ማለታችን አይደለም። በማረሼሽቲ ሩሲያ የሞተ፣ የቆሰለና የጠፋ ተደምሮ 25 ሺህ ያህል ሰው አጥታለች። ሮማኒያ ደግሞ 27 ሺህ ገደማ። ሸሽቶ 25 ሺህ ሰው የሚያጣ ጦር የለም። ግን ከጎንህ ያለው ሰው ነገ ይኑር አይኑር ሳታውቅ መዋጋት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ መገመት አያቅትም።

የኤካተሪና ክፍል መጀመሪያ ተጠባባቂ ነበር። በኦገስት መጨረሻ ግን ጀርመኖች በሙንቸሉ መንደር በኩል፣ ሩሲያውያን የያዙትን ቦታ ሰብረው ገቡ። የሮማኒያ ጦር ክፍተቱን ሊደፍን ተጠራ፣ የእሷም ሬጅመንት ተንቀሳቀሰ። አዛዦቿ ከኋላ ካለው ሆስፒታል ጋር እንድትቀር ጠየቋት። አገር ያወቃት ጀግና ናት፣ እንዳትሞትባቸው ፈርተዋል። እምቢ አለች። ሰዎቼን ትቼ አልቀርም ብላ ሄደች።

ሴፕቴምበር 3 ቀን 1917 ማታ፣ ሴኩሉ በሚባለው ኮረብታ ላይ ጀርመኖች አጠቁ። ኤካተሪና ወታደሮቿን እያበረታታች ከፊት ሆና ስትመራ የመትረየስ ጥይት መታት፣ እዚያው ወደቀች። የማረሼሽቲ ጦርነትም ያበቃው በዚያው ቀን ነው። ማኬንሰን አላለፈም።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ደስ ይል ነበር፣ ግን አላለቀም። ሩሲያ ከጦርነቱ ስትወጣ ሮማኒያ ብቻዋን ቀረች። በዲሴምበር 1917 ተኩስ አቆመች፣ በሜይ 1918 ደግሞ ከባድ የሰላም ውል ፈረመች። ኤካተሪና የሞተችለት ኮረብታ በውል የተሸነፈ አገር አካል ሆነ። ያኔ አንድ ሰው ታዲያ ለምን ሞተች ብሎ ቢጠይቅ መልሱ ቀላል አልነበረም። በኖቬምበር 1918 ግን ጀርመን እጅ ልትሰጥ አንድ ቀን ሲቀራት ሮማኒያ እንደገና ጦርነቱን ተቀላቀለች፣ በዲሴምበር 1 ትራንሲልቫኒያ ከእሷ ጋር መዋሐዷን አወጀች። በ1917 የተረፈ ጦርና መንግሥት ባይኖር ኖሮ ግን ትራንሲልቫኒያ የሚዋሐደው ከማን ጋር ነበር?

አስከሬኗ በ1921 ወደ ቲርጉ ዢዩ ተመልሶ በከተማው መሀል አረፈ። መቃብሯን ያነፀችው ቀራፂ ሚሊጻ ፔትራሽኩ ስትሆን፣ ለከተማው ሰማዕታት መታሰቢያ እንዲሠራ መምህሯን ኮንስታንቲን ብራንኩዢን የጠቆመችውም እሷ ናት። በ1938 የተመረቀው የብራንኩዢ ማለቂያ የሌለው ዓምድ የመጣው በዚህ መንገድ ነው። ሥራው በ2024 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል።

ነገሥታቱም ኮሚኒስቶቹም፣ ከዚያም በኋላ የመጡት መንግሥታት ኤካተሪናን የኛ ናት ብለዋል። በስሟ ፊልም ተሠርቷል፣ ትምህርት ቤት ተሰይሟል። ከሁሉም ግን የሚበልጠው ይመስለኛል፣ ሦስት ጊዜ በክብር ከኋላ መቅረት ትችል ነበር፦ ከድልድዩ በኋላ፣ ከሆስፒታል ስትወጣ፣ በመጨረሻም አዛዦቿ ሲለምኗት። ሦስቱንም ጊዜ ማንም አላስገደዳትም። የሄደችው ራሷ ናት።