የሲኒማን ፍርሃት በድምፅ የቀረፀው በርናርድ ኸርማን

እ.ኤ.አ. በ1911 በኒውዮርክ፣ የዘር ሐረጉ ከሩሲያ ከሚመዘዝ የአይሁድ ቤተሰብ የተወለደው የሙዚቃ ደራሲ በርናርድ ኸርማን፣ ሰውን በድምፅ ብቻ የማስፈራትን ጥበብ የተማረው ከሲኒማ ሳይሆን ከሬዲዮ ነበር። በ1934 በሲቢኤስ ጣቢያ ተቀጥሮ ኦርኬስትራ መምራት ጀመረ። የሬዲዮ አድማጭ የሚያየው ነገር የለምና፣ የሌሊቱን ጨለማም ሆነ የሚመጣውን አደጋ በጥቂት ሰከንዶች ሙዚቃ መሳል የዕለት ሥራው ሆነ። በ1938 የማርስ ወራሪዎችን ታሪክ የሚተርከው የኦርሰን ዌልስ ድራማ ሲተላለፍም ሙዚቃውን የመራው እሱ ነው። የዌልስ «ሲትዝን ኬን» በ1941 ሲወጣ የኸርማንም ስም በሆሊውድ ታወቀ። ብቸኛውን የኦስካር ሽልማቱን ያገኘው ግን በዚያው ዓመት በሠራው ሌላ ፊልም ነው።

በሆሊውድ ልማድ ደራሲው ዜማውን ይነድፋል፤ ለየመሣሪያው የሚያከፋፍለው ሌላ ባለሙያ ነው። ኸርማን ይህን አልተቀበለም። ረጅምና ለዘፈን የሚመች ዜማም አይወድም ነበር። አጫጭር ሐረጎችን እየደጋገመ፣ ጆሮ የሚጠብቀውን ማረፊያ እየነፈገ አድማጩን ያስጨንቃል።

ከ1955 ጀምሮ ከዳይሬክተር አልፍሬድ ሂችኮክ ጋር ሠራ። በ1960 ለወጣው «ሳይኮ» የነሐስ መለከቱንም ከበሮውንም ትቶ ሙዚቃውን በባለ አውታር መሣሪያዎች ብቻ ጻፈ። ሂችኮክ በመታጠቢያ ቤት የሚፈጸመው ግድያ ያለ ሙዚቃ እንዲያልፍ ፈልጎ ነበር። ኸርማን ግን ጽፎ አሰማው፤ ዳይሬክተሩም ሐሳቡን ለወጠ። ቫዮሊኖቹ በከፍተኛው ድምፃቸው እየተሰነጠቁ ይጮኻሉ፤ ከዚያ ቼሎና ባሱ በዝግታ ይወርዳሉ። ቢላው ሥጋ ሲቆርጥ አየሁ የሚል ተመልካች አብዛኛውን ያየው በጆሮው ነው።

በ1966 በ«ቶርን ከርተን» ፊልም ያው ታሪክ ተደገመ፤ ፍጻሜው ግን ሌላ ሆነ። ስቱዲዮው ዘመነኛና ለገበያ የሚመች ሙዚቃ ይሻ ነበር። ኸርማን 12 ፍሉት፣ 16 ሆርንና 9 ትሮምቦን አሰልፎ የከበደ ጨለማ ይዞ መጣ። ያለ ሙዚቃ ይሁን ለተባለው የግድያ ትዕይንትም አሁንም ሙዚቃ ጻፈ። ሂችኮክ ቀረጻውን አስቆመ፤ ሥራውም ለጆን አዲሰን ተሰጠ። ሁለቱ ከዚያ ወዲያ አብረው አልሠሩም። ስድብ ከአፉ የማይጠፋው ቁጡ ኸርማን ለእርቅ የሚመች ሰው አልነበረም፤ በዚህ ጉዳይ ግን ጆሮው አልተሳሳተም ማለት ይቻላል።

ኑሮውን ወደ ለንደን አዛወረ። ለዓመታት የደከመበት ኦፔራው በሕይወቱ ዘመን መድረክ አላገኘም። የፈለጉት «ሳይኮ»ን እያዩ ያደጉ ወጣት ዳይሬክተሮች ነበሩ። ከእነሱ አንዱ ማርቲን ስኮርሴዚ «ታክሲ ድራይቨር»ን ሰጠው። ኸርማን ጤናው ታውኮ ሳለ ወደ ሎስ አንጀለስ ተጉዞ ቀረጻውን በታኅሣሥ 1975 ፈጸመ። ቀረጻው ባለቀበት ሌሊት በ64 ዓመቱ በእንቅልፉ ውስጥ ሞተ። ከሞተ በኋላ በሁለት ፊልሞች ለኦስካር ታጨ፤ በሁለቱም አላሸነፈም።