ዊልያም ሃልስቴድ እና የክንድ ነርቮችን የማደንዘዝ ጅማሮ

ዛሬ በትከሻ ቀዶ ጥገና ጊዜ ከሙሉ ሰመመን ጋር ተጣምሮ ወይም ብቻውን የሚሰጠው የነርቭ ማደንዘዣ መነሻው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ በኒው ዮርክ የተደረገ ሙከራ ነው። ከአንገት ተነሥቶ ትከሻንና ክንድን የሚያዳርሰውን የነርቮች መረብ፣ ብራኪያል ፕሌክሰስን፣ ቀድመው ያደነዘዙት አሜሪካዊው የቀዶ ጥገና ሐኪም ዊልያም ስቱዋርት ሃልስቴድ ናቸው።

ሃልስቴድ እ.ኤ.አ. በ1852 በኒው ዮርክ ተወለዱ። በ1874 ከዬል፣ በ1877 ደግሞ ከሕክምና ትምህርት ቤት ተመርቀው በቪየናና በጀርመን ከተሞች ሙያቸውን ካዳበሩ በኋላ በ1880 ተመለሱ። ፈጣንና ደፋር ሐኪም ተብለው ስማቸው መነሣት የጀመረው ያኔ ነው።

በ1884 ካርል ኮለር የተባሉ የቪየና ሐኪም ኮኬይን የዓይንን ገጽ እንደሚያደነዝዝ አስታወቁ። ኮለር መድኃኒቱን ያንጠባጠቡት በላይኛው ገጽ ላይ ነበር። ሃልስቴድ ግን ሌላ ጥያቄ አነሡ፤ መድኃኒቱ በነርቩ ግንድ ዙሪያ ቢወጋ፣ ነርቩ የሚደርስበት አካል በሙሉ ይደነዝዝ ይሆን? ከባልደረቦቻቸው ጋር በፊትና በመንጋጋ ነርቮች ሞክረው መልሱን አገኙ። ቀጥለውም አንገትን ቀደው የክንዱን ነርቮች እያዩ በማደንዘዝ ቀዶ ጥገና አደረጉ።

ሙከራው የተካሄደው በራሳቸው ገላ ላይ ጭምር ነበር። መድኃኒቱ ሱስ እንደሚያስይዝ በቅጡ ባልታወቀበት በዚያ ጊዜ ሃልስቴድና በርካታ ባልደረቦቻቸው የኮኬይን ምርኮኛ ሆኑ። በ1885 ስለ ግኝቱ ያሳተሙት ጽሑፍ ዓረፍተ ነገሩ የተወሳሰበ፣ ሐሳቡ የተበተነ ነው። የመድኃኒቱ ጉዳት በራሱ በምርምር ጽሑፉ አጻጻፍ ላይ እንዲህ ተመዝግቦ መገኘቱ ብርቅ ነው።

በ1886 በፕሮቪደንስ ወደሚገኝ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ገቡ። ኮኬይኑን በሞርፊን ተኩት እንጂ ከሱስ አልወጡም። ዊልያም ዌልች ወደ ባልቲሞር ጠርተዋቸው በጆንስ ሆፕኪንስ የቀዶ ጥገና ፕሮፌሰር ሆኑ። የጎማ ጓንትን ያስለመዱትና የሐኪሞችን የሥልጠና ሥርዓት የዘረጉት እዚያ ሲሆን፣ የቀድሞው ፈጣን እጅም ዝግተኛና እጅግ ጥንቁቅ ሆነ። ባልደረባቸው ዊልያም ኦስለር አሽገው ያስቀመጡት ማስታወሻ በ1969 ሲከፈት፣ ሃልስቴድ ከሕክምናው በኋላ ለዓመታት ሞርፊን ይወስዱ እንደነበር ታወቀ።

ዘዴው ወዲያው አልተስፋፋም፤ አንገት መቅደድ ያስፈልገው ነበር፣ ኮኬይንም መርዛማ ነው። በ1911 ሁለት የጀርመን ሐኪሞች፣ ሂርሽል በብብት በኩል፣ ኩለንካምፕፍ በአንገት ሥር፣ ቆዳን ሳይቀዱ በመርፌ ብቻ ነርቮቹ ዘንድ መድረስን አሳዩ። በ1970 ደግሞ አሎን ዊኒ በአንገት ጡንቻዎች መካከል የሚወጋውንና ለትከሻ የሚስማማውን ዘዴ ገለጹ። ይህ መርፌ የድያፍራምን ነርቭ ጭምር ስለሚነካ ሳንባው ለታመመ ሰው ያሰጋል። ያም ሆኖ ዘዴው ከሚመረጥባቸው ምክንያቶች አንዱ ከቀዶ ጥገና በኋላ የሚወሰደውን ሞርፊንና መሰሎቹን መቀነሱ ነው።

ከዚህ እድገት ሃልስቴድ ያዩት ጅማሮውን ብቻ ነው። በ1922 የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር ነርቭን የማደንዘዝ ቀዳሚነታቸውን በይፋ አወቀላቸው። በዚያው ዓመት መስከረም ወር ከሐሞት ጠጠር ቀዶ ጥገና በኋላ በባልቲሞር ዐረፉ።