የነገሥታትን ድልና የጦርነትን መከራ የቀረጸው ዣክ ካሎ

እውቁ ሠዓሊና ቀራጭ ዣክ ካሎ እ.ኤ.አ በ1592 በሎሬን መስፍናዊ ግዛት መዲና በናንሲ ተወለደ። በወጣትነቱ ወደ ኢጣሊያ አቅንቶ በፍሎረንስ ለሜዲቺ ቤተ መንግሥት ከሠራ በኋላ በ1621 ወደ ትውልድ ከተማው ተመለሰ።

ፎቶግራፍ ባልነበረበት በዚያ ዘመን በመዳብ ሰሌዳ ላይ ተቀርጾ በወረቀት የሚታተም ሥዕል የጦርነት ወሬ ማድረሻና የገዥዎች የፕሮፓጋንዳ መሣሪያ ነበር። የስፔን ጦር በ1625 የብሬዳን ከተማ ከብቦ ሲይዝ የስፔን ኔዘርላንድስ ገዥ ኢዛቤላ ድሉን እንዲሥል ካሎን አዘዙት። እርሱም ከበባውን ከከፍታ እንደሚታይ አድርጎ በስድስት ሰሌዳዎች ቀረጸው። የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 13ኛም በ1628 ያስገበሯትን የላ ሮሼልን ከበባ እንዲሁ አሠሩት። ሥዕሉ የንጉሡን ጦርና መርከቦች ግርማ ሲያጎላ፣ በረሃብ ያለቀው የከተማዋ ሕዝብ ሥቃይ ግን ዋና ጉዳዩ አልነበረም።

በ1633 የዚሁ ንጉሥ ጦር ናንሲን ከብቦ ያዘ። ንጉሡ ይህንንም ድል እንዲሥል ቢጠይቁት፣ ካሎ አገሩንና መስፍኑን ከሚያዋርድ አውራ ጣቱን ቢቆርጥ እንደሚመርጥ ገልጾ እምቢ ማለቱን የሕይወት ታሪኩን የጻፈው ፌሊቢየን ይተርካል።

በዚያው ዓመት የካሎ 18 ሥዕሎች የጦርነት ታላላቅ መከራዎች በሚል ርእስ ታተሙ። በእነዚህ ሥራዎች ወታደሮች ቤት ሲዘርፉና መንደር ሲያቃጥሉ፣ ወንጀለኞች በዛፍ ላይ ሲሰቀሉ፣ ገበሬዎችም ሲበቀሉ ይታያሉ።

ካሎ በ1635 በናንሲ አረፈ። ስሙ ዛሬ ይበልጥ የሚነሣው ማንም ንጉሥ ሳያዝዘው በሠራቸው በእነዚሁ ሥዕሎች ነው።