የአታሚው ጆን ፒተር ዜንገር ሕይወት

ጆን ፒተር ዜንገር እ.ኤ.አ. በ1697 በጀርመን ምድር ተወለደ። በ1710 ቤተሰቡ ወደ አሜሪካ ሲሰደድ አባቱ በባሕር ጉዞ ላይ ሳለ ሕይወቱ አለፈ። ታዳጊው በኒው ዮርክ ከአታሚው ዊልያም ብራድፎርድ ዘንድ ለስምንት ዓመታት ሙያውን ተማረ፤ በ1726ም የራሱን ማተሚያ ቤት ከፈተ።

በ1733 ከብሪታንያ የተሾመውን አገረ ገዥ ዊልያም ኮስቢን የሚቃወሙ ወገኖች ያዘጋጁትን ሳምንታዊ ጋዜጣ ማተም ጀመረ። ጸሐፊዎቹ ስማቸውን ሸሽገው ስለሚጽፉ፣ በጋዜጣው ላይ በግልጽ የሚነበበው የአታሚው ስም ነበር። የአገረ ገዥው ቁጣም በእርሱ ላይ ወረደ። በ1734 የተወሰኑ እትሞች በባለሥልጣናት ትእዛዝ ተቃጠሉ፤ ዜንገርም ታሰረ። የተጠየቀው ዋስትና ከአቅሙ በላይ በመሆኑ ለወራት በእስር ቢማቅቅም የጸሐፊዎቹን ማንነት አላጋለጠም። ባለቤቱ አና በእስር ቤቱ በር ቀዳዳ በኩል ከእርሱ መመሪያ እየተቀበለች ጋዜጣውን ማሳተሟን ቀጠለች።

በጊዜው ሕግ ባለሥልጣንን የሚነቅፍ ጽሑፍ እውነት መሆኑ ከቅጣት አያድንም ነበር። በነሐሴ 1735 በተካሄደው ችሎት ግን ከፊላደልፊያ የመጣው ጠበቃ አንድሩ ሃሚልተን ጽሑፎቹ መታተማቸውን ሳይክድ፣ እውነት ስም ማጥፋት ሊባል እንደማይገባ ተሟገተ። የዳኞቹ ሸንጎም ዜንገርን በነጻ አሰናበተው።

ፍርዱ ሕጉን ወዲያው ባይለውጠውም ለፕሬስ ነጻነት ታላቅ ምሳሌ ሆነ። ዜንገር በኋላ የኒው ዮርክና የኒው ጀርሲ መንግሥታዊ አታሚ ሆኖ ሠርቶ በ1746 አረፈ፤ ማተሚያ ቤቱንም አና ተረከበች።