ቶሚ ዳግላስ፦ ሕክምናን ከምጽዋት ወደ መብት ያሸጋገሩት የሳስካችዋን መሪ

ካናዳ በዛሬው ዘመን ከምትታወቅባቸው ነገሮች አንዱ፣ ሕመምተኛ ወደ ሆስፒታል ሲገባ የመክፈል አቅሙ አለመጠየቁ ነው። ይህ ሥርዓት ግን የተወጠነው በዋና ከተማዋ በኦታዋ አልነበረም። የተጀመረው በአገሪቱ ምዕራባዊ የስንዴ ሜዳ ላይ በምትገኘው፣ በዘመኑ የሕዝቧ ቁጥር አንድ ሚሊዮን በማይሞላው በሳስካችዋን ግዛት ነው። የጀመሩትም ከ1944 እስከ 1961 እ.ኤ.አ. ድረስ የግዛቲቱን መንግሥት የመሩት ቶማስ ክሌመንት ዳግላስ፣ ሕዝቡ በአጭሩ እንደሚጠራቸው ቶሚ ዳግላስ፣ ናቸው።

ዳግላስ ኦክቶበር 20 ቀን 1904 በስኮትላንድ፣ ፎልከርክ በተባለች ከተማ፣ ከአንድ የብረት ማቅለጫ ሠራተኛ ቤተሰብ ተወለዱ። በልጅነታቸው ወድቀው ጉልበታቸው ተጎድቶ ነበርና ቁስሉ አጥንት ድረስ ዘልቆ መረቀዘ። ቤተሰቡ በ1910 ወደ ካናዳ ተሻግሮ በዊኒፔግ ከተማ ሲሰፍር ሕመሙም ተከትሏቸው ሄደ። ሐኪሞች እግሩ መቆረጥ አለበት ሲሉ፣ ወላጆቻቸው ለልዩ ሐኪም የሚከፍሉት ገንዘብ አልነበራቸውም። በዚህ መካከል አንድ ስመ ጥር የአጥንት ቀዶ ሐኪም ሕፃኑን አዩና፣ የሕክምና ተማሪዎች ቀዶ ሕክምናውን ቆመው እንዲከታተሉ ወላጆቹ ከፈቀዱ ያለ ክፍያ እንደሚያክሙት ገለጹ። እግሩም ዳነ።

ዳግላስ ከዚህ የወሰዱት ትምህርት ምስጋና ብቻ አልነበረም። እግራቸው የተረፈው የአንድ ሐኪም ዐይን በአጋጣሚ ስላረፈባቸው መሆኑን ካደጉ በኋላ ተገነዘቡ፤ እንዲህ ያለ አጋጣሚ ያልገጠማቸው የሌሎች ድሆች ልጆች ዕጣ ምን ሊሆን እንደሚችልም አሰቡ። የሕፃን ጤና በዕድልና በደግ ሰው ፈቃድ ላይ ሊንጠለጠል አይገባውም የሚለው እምነት፣ የፖለቲካ ሕይወታቸው መሠረት ሆነ።

ቤተሰቡ የመጀመሪያውን የዓለም ጦርነት ዘመን በስኮትላንድ ካሳለፈ በኋላ ወደ ዊኒፔግ ተመለሰ። በ1919 ከተማይቱ በታላቅ የሥራ ማቆም አድማ ተናወጠች። ጁን 21 ቀን ፈረሰኛ ፖሊሶች በአድማ መቺዎች ላይ ተኩስ ሲከፍቱ፣ የአሥራ አራት ዓመቱ ዳግላስ ከአንድ ሕንፃ ጣሪያ ላይ ሆነው ተመለከቱ። በወጣትነታቸው በማተሚያ ቤት ፊደል የመልቀም ሙያ ተምረው ይሠሩ ነበር። አንድ ጊዜ ሊቆረጥ የነበረውን እግር ይዘውም በቦክስ ስፖርት ተሠማርተው፣ በ1922 እና በ1923 በቀላል ክብደት የማኒቶባ ግዛት ሻምፒዮን ለመሆን በቁ። ከዚያም ብራንደን ኮሌጅ ገብተው ተማሩ፤ በ1930 ትምህርታቸውን ሲያጠናቅቁም ትዳር መሥርተው፣ በሳስካችዋን ዌይበርን ከተማ የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ሆኑ።

ዌይበርን የደረሱበት ጊዜ የመከራ ዘመን ነበር። ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት የስንዴን ዋጋ ሲጥለው፣ ድርቁና የአቧራው ማዕበል ደግሞ መሬቱን አራቆተው። ገበሬው ለሐኪም የሚከፍለው ገንዘብ አጣ፤ ሐኪሙም ከገበሬው የሚቀበለው ክፍያ ጠፋ። ዳግላስ ለተቸገሩት ምግብና ልብስ ሲያሰባስቡ ቆይተው፣ ችግሩ በእርዳታ ብቻ የሚፈታ አለመሆኑን ተረዱ። በዚህም ምክንያት በ1932 ገበሬዎች፣ ሠራተኞችና ምሁራን ተባብረው የመሠረቱትን ኮኦፐሬቲቭ ኮመንዌልዝ ፌዴሬሽን የተባለ የሶሻሊስት ፓርቲ ተቀላቀሉ።

በዚሁ ዘመን የተፈጸመ፣ በሕይወት ታሪካቸው ላይ እስከ ዛሬ ጥላ ያጠላ ነገር አለ። በ1933 ለማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ባቀረቡት የማስተርስ ጽሑፍ፣ ደካማ አእምሮ አላቸው የተባሉ ሰዎች እንዳይወልዱ ማምከንን የሚደግፍ ሐሳብ አስፍረው ነበር። ይህ አስተሳሰብ በዚያን ጊዜ በብዙ ምሁራን ዘንድ ተቀባይነት ነበረው፤ ጎረቤት ግዛት አልበርታም በሕግ ደንግጋዋለች። ዳግላስ ግን በ1936 ወደ አውሮፓ ተጉዘው የናዚ ጀርመንን ሁኔታ በዐይናቸው አዩ። ሥልጣን ከያዙ በኋላም እንዲህ ያለ ሕግ እንዲወጣ የሚመክሩ ጥናቶች ሲቀርቡላቸው ሳይቀበሏቸው ቀሩ።

በ1934 ለግዛቲቱ ምክር ቤት ተወዳድረው ተሸነፉ። በተከታዩ ዓመት ግን ለፌዴራሉ ፓርላማ ተመርጠው ዘጠኝ ዓመት ያህል በኦታዋ አገለገሉ። ከዚያ ፓርቲያቸውን በግዛቲቱ ለመምራት ተመልሰው፣ ጁን 15 ቀን 1944 በተደረገው ምርጫ ፓርቲው ከ52 መቀመጫዎች 47ቱን አሸነፈ። በዚህም በሰሜን አሜሪካ የመጀመሪያው የሶሻሊስት መንግሥት ተመሠረተ። ዳግላስ የግዛቲቱን መንግሥት መሪነት ከጤና ሚኒስትርነት ጋር ደርበው ያዙ።

ብዙዎች አዲሱ መንግሥት ግምጃ ቤቱን ባዶ ያደርገዋል ብለው ሲሰጉ፣ የሆነው ተቃራኒው ነበር። ዳግላስ ከገንዘብ ሚኒስትራቸው ከክላረንስ ፋይንስ ጋር ሆነው ወጪና ገቢን ማመጣጠንን፣ ዕዳንም መቀነስን የመጀመሪያ ተግባራቸው አደረጉ። ለባንክ ወለድ የሚከፈል ገንዘብ ለሕመምተኛ እንደማይደርስ ያምኑ ነበርና። በዕዳ ምክንያት ገበሬዎች ከርስታቸው እንዳይነቀሉ የሚጠብቅ ሕግ አወጡ፤ የሠራተኛ ማኅበራትን መብት አስከበሩ፤ የመኪና መድን፣ የአውቶቡስና የኤሌክትሪክ ድርጅቶች በመንግሥት እጅ እንዲሠሩ አደረጉ፤ መብራትንም ወደ ገጠር አዳረሱ። የወጠኑት ሁሉ ግን አልሠመረም፤ መንግሥት ያቋቋመው የጫማ ፋብሪካ ኪሣራ ደርሶበት ተዘግቷል። በ1947 የወጣው የሳስካችዋን የመብቶች ሕግ በዘርና በሃይማኖት ልዩነት ማድረግን የከለከለ ሲሆን፣ ይህም የተባበሩት መንግሥታት ዓለም አቀፉን የሰብአዊ መብቶች መግለጫ ከማጽደቁ በፊት የተፈጸመ ነው። ሆኖም የአገሬው ቀደምት ሕዝቦች በግዛቲቱ ምርጫ ድምፅ የመስጠት መብት ያገኙት ዘግይቶ በ1960 ነበር።

በጤናው ዘርፍ ዳግላስ የተከተሉት መንገድ የትዕግሥት መንገድ ነበር። በመጀመሪያ ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ታሪክ ሊቁን ሄንሪ ሲገሪስትን ጋብዘው የግዛቲቱን ፍላጎት አስጠኑ። ቀጥሎም ጡረተኞች በነፃ እንዲታከሙ አደረጉ። በ1946 በስዊፍት ከረንት አካባቢ፣ ነዋሪውን ሁሉ የሚያካትት የሐኪም አገልግሎት በሙከራ ደረጃ ተጀመረ። ጃንዋሪ 1 ቀን 1947 ደግሞ መላውን የግዛቲቱን ሕዝብ የሚያቅፍ የሆስፒታል መድን ሥራ ላይ ዋለ። መዋጮው በነፍስ ወከፍ በዓመት 5 ዶላር ሲሆን፣ አንድ ቤተሰብ የቱንም ያህል ቢበዛ ከ30 ዶላር በላይ አይከፍልም ነበር። ዕቅዱ በተግባር መሥራቱን ያዩ ሌሎች ግዛቶች ተከተሉት፤ የፌዴራሉ መንግሥትም በ1957 ባወጣው ሕግ የሆስፒታል መድንን ወጪ ለመጋራት ተስማማ።

ከኦታዋ የተገኘው ገንዘብ ለሳስካችዋን ሸክሙን ሲያቀልላት፣ ዳግላስ በ1959 የመጨረሻውን እርምጃ ይፋ አደረጉ። ይኸውም ከሆስፒታል አልጋ አልፎ፣ ሐኪም ዘንድ ቀርቦ መታከምን ራሱ ለሁሉም የሚሸፍን መድን ነበር። የሐኪሞች ማኅበር ዕቅዱ ሐኪሙን የመንግሥት ቅጥረኛ ያደርገዋል በማለት በብርቱ ተቃወመ። በ1960 የተደረገው ምርጫ በዚሁ ጉዳይ ላይ የሚካሄድ ፍልሚያ ሆነ፤ የዳግላስም ፓርቲ አሸነፈ።

ይሁንና የደከሙለትን ሥራ ዳር ማድረስ የእሳቸው ዕጣ አልነበረም። በ1961 አዲሱ ዴሞክራሲያዊ ፓርቲ ሲመሠረት የመላ አገሪቱ መሪ ሆነው ተመረጡና ሥልጣናቸውን ለውድሮ ሎይድ አስረክበው ሄዱ። በዚያው ዓመት የጸደቀው ሕግ ጁላይ 1 ቀን 1962 ሥራ ላይ ሲውል፣ አብዛኞቹ የግዛቲቱ ሐኪሞች ከድንገተኛ ሕክምና በቀር በራቸውን ዘጉ። ሕዝቡ በሁለት ተከፈለ። መንግሥት ከብሪታንያና ከሌላም ስፍራ ሐኪሞች አስመጣ። ከ23 ቀናት በኋላ በእንግሊዛዊው ሐኪም በሎርድ ቴይለር ሸምጋይነት በሳስካቱን ከተማ ስምምነት ተደረሰ። ሐኪሞቹ የአሠራር ነፃነታቸው ተጠበቀላቸው፤ ሁሉን አቀፉ መድንም ጸንቶ ቆመ።

ለዚህ የተከፈለው ዋጋ ቀላል አልነበረም። ዳግላስ አድማው ሊጀመር ቀናት ሲቀሩ፣ ጁን 18 ቀን 1962 በተደረገው የፌዴራል ምርጫ በራሳቸው ግዛት ዋና ከተማ በሬጃይና ተሸነፉ፤ ወደ ፓርላማ የገቡትም ከወራት በኋላ በብሪቲሽ ኮሎምቢያ በተደረገ የማሟያ ምርጫ ነው። ሎይድም በ1964 ሥልጣናቸውን አጡ። መድኑ ግን አልወደቀም፤ ያሸነፈው ተቃዋሚ ፓርቲ ሕዝቡ የለመደውን መብት ሊሽር አልደፈረም። በዚያው ዓመት በዳኛ ኤመት ሆል የተመራው አገር አቀፍ ኮሚሽን የሳስካችዋን አርአያ በመላ ካናዳ እንዲሠራበት መከረ። ፓርላማውም በ1966 ሕጉን አጸደቀ፤ በ1972 ሁሉም ግዛቶች በሥርዓቱ ታቀፉ። ከሆስፒታል ውጭ የሚታዘዝ መድኃኒትና የተለመደው የጥርስ ሕክምና ግን በዚህ ሕግ ሳይካተቱ ቀርተዋል።

ዳግላስ በኦታዋ ሥልጣን ባይዙም ድምፃቸው አልታጠፈም። በ1970 በኩቤክ የተነሣውን ቀውስ ለመግታት መንግሥት የጦርነት ጊዜ ሕግን ሲያውጅ፣ የሕዝብ አስተያየት በእጅጉ ወደ መንግሥት ባዘነበለበት ሰዓት፣ ዜጎች ያለ ክስ እንዳይታሰሩ በመከራከር ተቃወሙ። በ1971 የፓርቲ መሪነታቸውን ለቀቁ፤ በ1979 ከፓርላማ ተሰናበቱ። ፌብሩዋሪ 24 ቀን 1986 በ81 ዓመታቸው በካንሰር ሕመም ኦታዋ ውስጥ አረፉ። በ2004 የካናዳ ብሔራዊ የስርጭት ድርጅት ባዘጋጀው የሕዝብ ድምፅ አሰጣጥ፣ ከካናዳውያን ሁሉ ታላቁ ተብለው ተመረጡ።

ከሥልጣን ዘመናቸው መጀመሪያ እስከ ሐኪሞቹ ስምምነት ድረስ አሥራ ስምንት ዓመታት አልፈዋል። በእነዚህ ዓመታት ዳግላስ ገንዘቡ ሳይገኝ ቃል አልገቡም፤ ገንዘቡ ሲገኝ ደግሞ ቃላቸውን አላዘገዩም። አንድ መሪ የጀመረውን ሥራ ተተኪው በሥልጣኑ ዋጋ ከጠበቀው፣ ተቃዋሚውም ሊያፈርሰው ካልደፈረ፣ ያ ሥራ የአንድ ሰው መሆኑ ቀርቶ የሕዝብ ሆኗል ማለት ነው።