አበበ ከሩጫ በኋላ

አበበ ቢቂላ ሲባል ሁላችንም ትዝ የሚለን ሮም ላይ በባዶ እግሩ የሮጠው ነው። ሰሜን ሸዋ ጃቶ በ1924 ዓ.ም. የተወለደው ይህ የክቡር ዘበኛ ወታደር ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ጨርሶ ወርቅ አመጣ። በ1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ፣ የትርፍ አንጀት ቀዶ ጥገና ባደረገ በሳምንታት ውስጥ፣ ድሉን ደገመው።

መጋቢት 1961 ዓ.ም. ግን በመኪና አደጋ እግሮቹ ሽባ ሆኑ። ሩጫው በዚያው አበቃ፤ ውድድሩ ግን አላበቃም። በተሽከርካሪ ወንበር ሆኖ እንግሊዝ አገር በቀስት ውርወራ ተወዳደረ፤ ኖርዌይ ሄዶም በበረዶ ላይ ጋሪ ውድድር አሸነፈ። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ አረፈ።

ስለ እግሮቹ ብዙ ተጽፏል። እኛ ነገ ስለ እሱ ስንጽፍ ግን ቶኪዮ ላይ ባናቆም ጥሩ ነው፤ ጀግንነቱ እግሮቹ እምቢ ካሉት በኋላም ነበረና።