የዐፄ ካሌብ ሕይወትና የናግራን ዘመቻ

ኃይሉ የበረታ መንግሥት በጎረቤቱ አገር ግፍ ሲፈጸም አይቶ ዝም ማለት ይገባዋልን? ወይስ ሠራዊቱን አስከትሎ ገብቶ የተገፉትን ማዳን ይገባዋል? ከገባስ በኋላ የሚወጣው መቼ ነው? ይህ ጥያቄ ዛሬም መንግሥታትን የሚያከራክር ቢሆንም አዲስ ጥያቄ አይደለም። ከአንድ ሺህ አምስት መቶ ዓመት በፊት በአክሱም ዙፋን የተቀመጠው ዐፄ ካሌብ በሥራው የመለሰው፥ ዋጋም የከፈለበት ጥያቄ ነው። ስለዚህ የዚህን ጻድቅ ንጉሥ ዜና በአጭሩ እናቀርባለን። በጽሑፉ የሚገኙት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተመለከቱ ናቸው።

ዐፄ ካሌብ እለ አጽብሐ በሚባል ስመ መንግሥቱም የታወቀ የንጉሥ ታዜና ልጅ ሲሆን፥ የነገሠው በ6ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ነው። በዚያ ዘመን አክሱም የአዱሊስን ወደብ ይዛ፥ በራሷ ነገሥታት ስም የወርቅ ገንዘብ እያሠራች፥ ከሮምና ከህንድ ጋር ትነግድ ነበር። ከቀይ ባሕር ማዶ፥ ዛሬ የመን በሚባለው አገር፥ የሒምያር መንግሥት ነበረ። በሒምያር አይሁድም ክርስቲያንም ይኖሩ ነበር፤ አገሪቱም በአንድ ወገን በሮምና በወዳጇ በአክሱም፥ በሌላው ወገን በፋርስ መካከል ተጨንቃ ትኖር ነበር።

ዐፄ ካሌብ በሒምያር ጉዳይ እጁን ያስገባው ከናግራን እልቂት በፊት ነው። በ520 ዓ.ም. አቅራቢያ ማዕዲከሪብ ያዕፉር የተባለ ንጉሥ በአክሱም ረዳትነት በሒምያር ነገሠ፤ በዋና ከተማው በዘፋርም የኢትዮጵያ ወታደሮች ሰፈሩ። ያ ንጉሥ በሞተ ጊዜ የአይሁድን ሃይማኖት የያዘው ዮሴፍ ዙፋኑን ወሰደ፤ ይኸውም ዐረቦች ዙ ኑዋስ፥ የእኛ መጻሕፍት ፊንሐስ የሚሉት ነው። አስቀድሞ የመታውም በዘፋር የሰፈሩትን ወታደሮች ነበረ፤ ቤተ ክርስቲያናቸውንም አቃጠለ። እውነቱን ሳንሸሽግ ለመናገር፥ ለተከታዮቹ ይህ ጠብ የሃይማኖት ጠብ ብቻ አልነበረም፤ ከባሕር ማዶ የመጣባቸውን ቀንበር መስበርም ነበረ።

ነገር ግን ቀንበር ለመስበር የተመዘዘ ሰይፍ በንጹሐን አንገት ላይ ሲያርፍ ፍትሕ መሆኑ ይቀራል። በ523 ዓ.ም. ዮሴፍ የናግራንን ከተማ ከበበ፤ በራቸውን ቢከፍቱ ክፉ እንደማያደርግባቸው ምሎ ከገባ በኋላ መሐላውን አፈረሰ። ሽማግሌው ቅዱስ ኂሩት ከብዙ ወገኖቹ ጋር ተሰየፈ፤ ሌሎችም በእሳት ተቃጠሉ፤ ለሴቶችና ለሕፃናትም አልተራራላቸውም። የዮሴፍ የጦር አለቃ በናግራን አካባቢ በዐለት ላይ ያስቀረጸው ጽሕፈት በዚያ ዘመቻ ስለ ተገደሉትና ስለ ተማረኩት ብዙ ሺህ ሰዎች በመመካት ይናገራል። ቤተ ክርስቲያናችን እነዚህን ሰማዕታት ኅዳር 26 ቀን ታስባቸዋለች።

የሶርያዊው ኤጲስ ቆጶስ የስምዖን ዘቤተ አርሻም መልእክት ወሬውን በምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት አሰማ። በሰማዕታቱ ዜና እንደ ተጻፈው፥ የሮሙ ንጉሥ ዮስጢኖስና የእስክንድርያው ፓትርያርክ ጢሞቴዎስ፥ በኬልቄዶን ጉባኤ ምክንያት የተለያዩ ሲሆኑ፥ ዐፄ ካሌብ እንዲነሣ በመለመን ተባበሩ። ሮም የባሕሩ ንግድና የፋርስ ጠላትነት ያሳስባት ነበርና መርከብ አዋጣች፤ ደሙን ያፈሰሰው ግን የአክሱም ሠራዊት ነው።

የዐፄ ካሌብስ ልብ ከምድራዊ አሳብ ፈጽሞ የራቀ ነበረን? ኮስማስ የተባለው የእስክንድርያ ነጋዴ እንደ ጻፈው፥ ንጉሡ ወደ ሒምያር ለመዝመት በተሰናዳበት ጊዜ በአዱሊስ በእብነ በረድ ዙፋን ላይ የተቀረጸውን ጥንታዊ ጽሕፈት ገልብጦ እንዲልክለት የወደቡን ገዥ አዝዞ ነበር። ጽሕፈቱ የቀደመ ንጉሥ ባሕር ተሻግሮ ያስገበራቸውን አገሮች የሚቆጥር ነው። እንግዲህ የተገፉትን የማዳን ፍላጎትና የአባቶች ግዛት ትዝታ በአንድ ልብ ውስጥ አብረው ነበሩ። ይህን መናገር ጻድቁን ማሳነስ አይደለም፤ ሰው መሆኑን ማስታወስ ነው።

በአባቶች ትውፊት ዐፄ ካሌብ ከመዝመቱ በፊት ከተስዓቱ ቅዱሳን አንዱ ወደሆነው ወደ አባ ጰንጠሌዎን ዘጾማዕት ሄዶ በረከት ተቀበለ። በ525 ዓ.ም. 70 ያህል መርከቦች ይዞ ተሻገረ፤ ዮሴፍም ተሸንፎ ሞተ፤ የፈረሱት አብያተ ክርስቲያናት ተሠሩ። በአክሱም የተገኘው የድንጋይ ጽሕፈትም ንጉሡ ወደ ሒምያር ሠራዊት መላኩንና በዚያ ቤተ ክርስቲያን ማሠራቱን ይመሰክራል።

የማዳኑ ሥራ በዚህ ተፈጸመ፤ የመግዛቱ ፈተና ግን ከዚህ ጀመረ። ዐፄ ካሌብ ከአገሩ ተወላጆች ሱምያፋዕ አሽዋዕ የተባለውን ክርስቲያን አንግሦ ግብር ጣለበትና ተመለሰ። ከሠራዊቱ ብዙዎች ግን ምድሪቱን ወደው ቀሩ። በ531 ዓ.ም. ገደማ የሮሙ ንጉሥ ዮስጢንያኖስ መልእክተኛ ልኮ የአክሱም ነጋዴዎች ሐር ከህንድ ገዝተው ለሮም እንዲሸጡ፥ የሒምያር ጦርም በፋርስ ላይ እንዲዘምት ጠየቀ። ለሰማዕታት ደም የተጀመረው ነገር እንደዚህ ወደ ሐር ገበያ ደረሰ።

ከዚያም በሒምያር የቀሩት ወታደሮች ሱምያፋዕን አስረው አብርሃን አነገሡ። ይህ ሰው፥ ታሪክ ጸሐፊው ፕሮኮፒዮስ እንደሚለው፥ ቀድሞ በአዱሊስ የአንድ ሮማዊ ነጋዴ ባሪያ ነበረ። ዐፄ ካሌብ 3000 ወታደሮች በዘመዱ አዝማችነት ቢልክ፥ ወታደሮቹ አዝማቻቸውን ገድለው ወደ አብርሃ ገቡ፤ ሁለተኛ የተላከውም ጦር ተሸነፈ። በ548 ዓ.ም. አብርሃ የማሪብን ግድብ ሲያሳድስ የአክሱም፥ የሮምና የፋርስ መልእክተኞችን እንደ ነጻ ንጉሥ ተቀበለ።

ዐፄ ካሌብ በመጨረሻ ዘውዱን በጌታ መቃብር ዘንድ እንዲሰቀል ወደ ኢየሩሳሌም ልኮ፥ መንግሥቱን ትቶ፥ በአባ ጰንጠሌዎን ገዳም እንደ መነኰሰ አባቶች ነግረውናል። መታሰቢያውም ግንቦት 20 ቀን ነው። ባሕር ተሻግሮ ያሸነፈው ንጉሥ የሚከብደውን ድል በዚህ አገኘ፤ በእጁ የያዘውን ሥልጣን መልቀቅን ዐወቀ። ሒምያርን ግን እንደዚህ የለቀቃት አልነበረም። በ570ዎቹ ዓመታት የሒምያር ሰዎች በአብርሃ ልጆች አገዛዝ ተማረው ፋርስን ጠሩ፤ የባዕድ ገዥ በባዕድ ገዥ ተተካ።

ከዚህ ሕይወት ሁለት ነገር እንማራለን። ሕፃናት ሲታረዱ ድንበር ነው ብሎ መቀመጥ ከደሙ ንጹሕ አያደርግም፤ ዐፄ ካሌብ ወደ ናግራን መድረሱ ስለዚህ ይመሰገናል። ነገር ግን ለሌላው ሕዝብ ንጉሥ መምረጥ፥ ግብር መጣል፥ ጦር ማስፈር ከማዳን ጋር አይቈጠርም፤ ዛሬ የተዳነውን ሕዝብ ነገ ጠላት ያደርገዋል። በ1945 ዓ.ም. የተጻፈው የተባበሩት መንግሥታት ቻርተር በአገሮች የውስጥ ጉዳይ ጣልቃ መግባትን ከለከለ፤ በ2005 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥታቱ ሕዝብን ከዘር ማጥፋት የመጠበቅ ኃላፊነት በጋራ እንዳለባቸው ተስማሙ። የዐፄ ካሌብ ታሪክ ሁለቱም ስለ ምን እንዳስፈለጉ ያስረዳል።

በወንጌል የተነገረለት ደጉ ሳምራዊ የቆሰለውን አንሥቶ ቁስሉን አሰረ፤ ለእንግዳ ማደሪያው ጠባቂ ሁለት ዲናር ሰጥቶ መንገዱን ሄደ። በቆሰለው ሰው ላይ ጌታ ልሁን አላለም፤ ማደሪያውንም አልወረሰም። ኃያላን መንግሥታት ሁሉ ሊረዱ ሲነሡ የሚሄዱበትን ቀን አስቀድመው ቢያስቡ፥ የረዱት ሕዝብ ወዳጅ ሆኖ ይኖርላቸዋል።

የጻድቁ ንጉሥ በረከት ከሁላችን ጋር ይሁን።